ፍላሹ ሞላ፤ ደራሲው ምን ደረሰው?

ጎሮ አደባባዩ አጠገብ፣ ረዳቶች «ጃክሮስ፣ መገናኛ፣ መገናኛ!» እያሉ በሚጮኹበት ጥግ፣ ሁለት ደንበኛ ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ጠባብ ሱቅ አለች። ግድግዳዋ በስልክ ሽፋን፣ በቻርጀርና በኢርፎን ተሸፍኗል። መስታወቷ ላይ በማርከር «ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም ይጫናል» ተብሎ ተጽፏል። ከባንኮኒው ኋላ ሃያዎቹን ያልዘለለ ልጅ ስክሪኑ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጧል።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከቁልፉ መያዣ ላይ ፍላሽ ነቅሎ አቀበለው።

«ይቺን ሙላልኝ። የድሮም የአዲስም ቀላቅል። ጥላሁን፣ ማህሙድ፣ አስቴር ይኑሩበት፤ ጠዋት ተሳፋሪው ረጋ ያለ ነው የሚወደው።»

«ኦሮምኛስ ወንድሜ?»

«እንዴታ! ጉራጊኛም ጨምር። ከሰዓት በኋላ ያለሱ አይነዳም።»

ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ፎልደሮቹን ከፈተ። አዲስ 1፣ አዲስ 2፣ ትዝታ፣ ሠርግ፣ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሬጌ፣ መዝሙር ኦርቶ፣ መዝሙር ፕሮቴ፣ መንዙማ። የአገሪቱ ድምፅ ሁሉ በሁለት ክንድ ባንኮኒ ላይ ተደርድሯል። አንዱን ፎልደር እንዳለ ጎትቶ ፍላሹ ላይ ጣለው፤ አረንጓዴዋ መስመር መሙላት ጀመረች። ሹፌሩ 100 ብር ከፍሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ሒሳቡን እናስላው። አንድ ዘፈን 5 ሜጋባይት ገደማ ቢይዝ፣ 8 ጊጋ ፍላሽ 1,600 ያህል ዘፈን ይይዛል። 100 ብሩ ሲካፈል ለአንዱ ዘፈን ስድስት ሳንቲም ገደማ ይደርሰዋል። ከዚያች ስድስት ሳንቲም ላይ ለድምፃዊው፣ ለግጥም ደራሲው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለአቀናባሪው የሚቆረጥ የለም። ሁሉም የልጁ ነው። ልጁም ከእሷ ላይ የቤት ኪራይ፣ መብራትና ኢንተርኔት ይከፍላል።

ሹፌሩ ወጥቶ ሳይርቅ ነጠላ ያጣፉ እናት ገቡ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ የጾም መዝሙር ጫንልኝ።» «እሺ እትዬ፣ ሚሞሪ አለው?» ሚሞሪ ነበረው። መዝሙሩም እንደ ዘፈኑ ተጎትቶ ተጣለ። «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ እኚህ እናት በዚህች ቅጽበት አንዳች ጥፋት የሠሩ አይመስላቸውም። ለእኔም ቢሆን እሳቸውን ሌባ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ግን መዝሙሩን የደረሰው ዘማሪም ቤት ኪራይ አለበት።

ልጁን ስለዚሁ ጠየቅኩት። «እኔ ዘፈን አልሸጥኩም» አለኝ ሳያመነታ። «የሸጥኩት ጊዜዬንና መብራቴን ነው። ዘፈኑማ ቴሌግራም ላይ በነፃ ሞልቷል፤ ሰው ራሱ ማውረድ ስለሚሰለቸው ነው እኔ ጋ የሚመጣው።»

ከመልሱ ግማሹ እውነት ነው። ዘፈኑ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ቴሌግራም ቻናሎች ላይ ይለጠፋል፤ ቪድሜትን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ዩቲዩብ ላይ ያለውን ይቀዱታል፤ ከዚያ በኋላ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ግማሹ ግን አያስኬድም። ባዶ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የልጁን ጊዜ ፈልጎ አይደለም የሚመጣው። ጥላሁንንና አስቴርን ፈልጎ ነው። የሚሸጠው ዘፈኑ ነው፤ ጊዜውና መብራቱ ዕቃው የሚመዘንባቸው ሚዛን ናቸው።

«ሐበሻ ለሙዚቃ አይከፍልም» የሚባለውን አሮጌ ሮሮም ይኸው ሱቅ ያስተባብለዋል። ሹፌሩ 100 ብር ከፍሏል፤ ስልኩም ላይ በየሳምንቱ የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል። ሕዝቡ ይከፍላል። ገንዘቡ በልጁ ባንኮኒና በቴሌ ካዝና በኩል ሲያልፍ ዘፈኑን የሠራው ሰው ደጃፍ ላይ ሳይቆም ማለፉ ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲያ «ማን ነው የበደለው?» የሚለው ጥያቄ ከሹፌሩ ይልቅ በመንገዱ ላይ ወደ ቆሙት ሁሉ ይሄዳል።

ይህ ነገር በስልክ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ዕድሜው አርባን የተሻገረ አንባቢ ካሴት ያስቀዳበትን ሱቅ አይረሳም። ባለ ሁለት ቤት ቴፕ ተደርድሮ፣ ከአንዱ ቤት ኦሪጅናሉ ሲዞር ከሌላው ቤት ባዶው ካሴት ይቀዳ ነበር። ኋላ ሲዲ መጣ፤ አዟሪዎች በአንድ ሲዲ ላይ የአሥር ዘፋኞችን አልበም አጭቀው በካርቶን ተሸክመው ከቡና ቤት ቡና ቤት ይዞሩ ጀመር። ሙዚቃ ቤቶቹ ለአንድ አልበም በጅምላ ከፍለው አሳትመው፣ በሁለተኛው ሳምንት የራሳቸውን ሥራ በግማሽ ዋጋ አስፋልት ላይ ያገኙታል። አሳታሚው ሲከስር በሚቀጥለው አልበም ላይ ለድምፃዊው የሚሰጠው ያንሳል። ድምፃዊው ለግጥምና ለዜማ የሚከፍለውም በዚያው ልክ ያንሳል።

ምሬቱ በየካቲት 1995 ፈነዳ። በ1985 ገደማ የተመሠረተው የኦዲዮቪዡዋል አሳታሚዎች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ኢትዮ ሙዚቃ፣ ሱፐር ሶኒክና ታንጎ ሙዚቃ ቤቶች ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ሰባት ወር ሙሉ አዲስ ሥራ አልተቀረጸም፣ አልወጣም። አዲስ ካሴት ከዶሮና ከዳቦ እኩል በሚጠበቅበት አገር ፋሲካ ያለ አዲስ ካሴት አለፈ። በሐምሌና በነሐሴ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌና በአዳማ ሰልፍ ተወጣ። ቆይቶም በሐምሌ 1996 የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ታወጀ።

ከዚያ በፊት ሕግ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግግ ነበር። ካሴት የሚያስቀዳ ሰው ግን ይህን አንቀጽ ሰምቶ አያውቅም፤ የሚቀዳለትም እንደዚያው።

የሚያስገርመው የዓመቱ መገጣጠም ነው። የእኛዎቹ ሰልፍ በወጡበት እ.ኤ.አ. 2003፣ በሚያዝያ ወር አፕል አንድ ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥበትን የኢንተርኔት መደብር ከፈተ። በመስከረም ደግሞ የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር 261 ተራ ሰዎችን በአንድ ቀን ከሰሰ፤ ሰዎች በኢንተርኔት ዘፈን በነፃ የሚለዋወጡበት ናፕስተር ተዘግቶ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ኋላ ከተከተሉት ክሶች በአንዱ በሚኒሶታ የምትኖር አንዲት እናት ለ24 ዘፈኖች 222,000 ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት። ያ ሁሉ ክስ ማውረዱን አላስቆመውም። የቀነሰው ሕጋዊው መንገድ ከሕገ ወጡ የቀለለ ሲሆን ነው።

የእኛ አዋጅ ቅጣትም የሚያስደነግጥ ነው። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። የሞራል ካሳም ከ100,000 ብር እንዳያንስ ወሰነ። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። የጎሮው ልጅ ይህን ሁሉ በወጉ ቢያውቅ ላፕቶፑን ዘግቶ የሚሮጥ ይመስለኛል። ግን ማንም አይመጣበትም፤ ማንም እንደማይመጣም ያውቃል። አምስት ዓመት እስራት ለአንድ ፍላሽ? ዳኛውም ፖሊሱም ለመፈጸም የሚቀፋቸው ቅጣት ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ሕጉን በጣም ማክበዱ ራሱ ሕጉን አቃለለው ብል አላጋነንኩም።

ከዚሁ አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነበው አንቀጽ 9 አለ። አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል መገልገያው ብቻ፣ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። የራሱ ገደቦች አሉት፤ እንደ ልብ መረን የሚለቅ አይደለም። ቢሆንም ሕግ አውጪው ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለጆሮው አንድ ዘፈን የሚቀዳውን ሰውና በሺህ የሚጭነውን ነጋዴ በአንድ ዓይን አላያቸውም። ከሥነ ምግባር አንፃርም እንዲሁ ነው የማየው። ለቤቷ መዝሙር ያስጫነች እናት፣ ዘፈን በመጫን የሚተዳደር ልጅ፣ የሰው ሙዚቃ እያስጮኸ ቢራ የሚሸጥ ሆቴል እኩል አልበደሉም። በደሉ ከትርፉ ጋር ያድጋል።

ጀርመኖች ለዚህ ጣጣ ቀድመው መላ አበጅተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ሕግ ሰው ቤቱ ለራሱ መቅዳቱን ፈቀዱ፤ በምትኩ ከመቅጃ መሣሪያው ላይ ጥቂት ክፍያ እንዲታሰብና ለደራሲያን እንዲከፋፈል አደረጉ። ኋላ ባዶ ካሴትም በዚሁ ገባ። ወደ እኛ አገር የሚገባ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ያ ቀረጥ ግን መንግሥት ጋ ይደርሳል እንጂ ዘፈኑን የጻፈው ሰው ጋ አይደርስም።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ልመለስ፤ ልጁ ፈቅዶልኝ ፋይሎቹን አገላብጬ አይቻቸዋለሁ። በየፋይሉ ስም ላይ የድምፃዊው ስም አለ፤ ከጎኑ የቴሌግራም ቻናሉ ስም፣ አንዳንዴም የስልክ ቁጥር። የዘፈኑ ምስል መሆን በሚገባው ቦታ ላይ የቻናሉ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የግጥም ደራሲው ስም የለም። የዜማ ደራሲው የለም። አቀናባሪው የለም። ድሮ ካሴት ስንገዛ በሽፋኑ ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደልም ቢሆን፣ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ስም ይጻፍ ነበር። ልጆች ሆነን ይልማ ገብረአብን፣ አበበ መለሰን፣ ሞገስ ተካን ያወቅናቸው ከዚያ ደቃቅ ፊደል ነው። ፊታቸውን አይተን አናውቅም፤ ግን ስማቸው ካለበት ካሴት ደህና ነገር እንጠብቅ ነበር። ዛሬ ጎሮ ላይ 1,600 ዘፈን የሚጭን ሰው የአንዱን ደራሲ ስም እንኳ አያገኝም። አዋጁ ደራሲው በስሙ የመታወቅ መብት አለው ይላል፤ ይህ መብት ከገንዘቡ በፊት ተሰርዟል። ገንዘብ ዘግይቶም ይከፈል ይሆናል፤ ሠላሳ ዓመት የተዘፈነ ዘፈን የማን እንደሆነ ከጠፋ ግን ማን ያስታውሰዋል?

እዚህ ላይ ዘወትር የሚሰማ መከራከሪያ አለ። «ዘፋኝ ከኮንሰርት ያገኛል። ዘፈኑ ባይሠራጭ ማን ያውቀው ነበር? ነፃ ማስታወቂያ ሠራንለት እኮ!» ለድምፃዊው በከፊል ያስኬዳል፤ መድረክ አለው፣ ሠርግ አለው፣ ማስታወቂያ ይሠራል። የግጥም ደራሲው መድረክ የት ነው? ዜማ ደራሲን ለሠርግ የሚጠራው ማን ነው? እነሱ ያላቸው ሥራው ብቻ ነው። በአገራችን ልማድ ደግሞ ግጥምና ዜማ አንድ ጊዜ በጅምላ ተሸጦ ያልቃል፤ ዘፈኑ ሚሊዮን ጊዜ ቢደመጥም ደራሲው ኪስ አይመለስም። ኋላ ደራሲው ሲታመም ለሕክምናው ገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ዘፈኑን በነፃ ያወረደው ሁሉ በቴሌብር 50 ብር ይልክና ጽድቅ የሠራ ይመስለዋል። ዕዳውን በምጽዋት ስም መክፈሉ ነው። ይህን ስጽፍ ከልቤ ተናድጄ ነው።

ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሁሉ ግን አጥፊ ነው እንዳልል ሸክላ አሳታሚው አምሐ እሸቴ ትዝ ይሉኛል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳሉ በ1961 ክልከላውን ጥሰው የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በሕንድ አሳትመው አስገቡ። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 103 ነጠላና ወደ 12 የሚጠጉ ረጃጅም ሸክላዎች አወጡ፤ ዓለም ዛሬ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ብሎ የሚያደንቀው አብዛኛው ከዚያ መዝገብ ነው። ደርግ ሲመጣ አገር ጥለው ወደ አሜሪካ ሄዱ። አምሐ የጣሱት የመንግሥትን ሞኖፖል ነው፤ ዘፋኙን ግን ወደ ስቱዲዮ አስገብተው፣ ስሙን ሸክላው ላይ አትመው አወጡት። የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤት የሚነካው የመንግሥትን ሞኖፖል ሳይሆን የደራሲውን እንጀራ ነው። ሁለቱም «ያለ ፈቃድ» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ታዲያ የሚከፍል ሰው በየት ይክፈል? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረውም። የውጭዎቹ መተግበሪያዎች ዶላር የሚቆርጥ ካርድ ይጠይቃሉ፤ የጎሮ ሹፌር ያ ካርድ የለውም። በ2011 ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው «አውታር» የሚባል የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አስጀመሩ፤ ዘፈን በጥቂት ብር ከስልክ ሒሳብ ተቆርጦ የሚገዛበት ነበር። ኤልያስ ብዙም አልቆየም፤ በመስከረም 2012 ዐረፈ። የብዙ ወጣት ድምፃውያንን አልበም ያቀናበረ ሰው የመጨረሻ ዘመኑን ለሙያ ጓደኞቹ እንጀራ ሲሟገት አለፈ። ቴሌብር በ2013 ሥራ ሲጀምር ትንንሽ ክፍያ ቀለለ፤ በ2014 ደግሞ «ሰዋስው» የሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ መጣ። ስለዚህ «መክፈያ የለም» የሚለው ሰበብ እንደ ድሮው አይሠራም። የሚቀረው ልማዱ ነው፤ የልማዱም አውራ ያው ጎሮ አደባባይ አጠገብ ያለው ሱቅ ነው።

ትልቁ ገንዘብ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከጎሮ ወደ ሰሚትና ወደ ቦሌ የተደረደሩት ካፌዎች፣ ሬስቶራንቶችና ጭፈራ ቤቶች ከጠዋት እስከ ሌሊት ሙዚቃ ያጫውታሉ። ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ያለ ሙዚቃ አንድ ሰዓት አይሞሉም። የሠርግ ዲጄ በአንድ ምሽት የሚቀበለው ገንዘብ አንድ ዜማ ደራሲ ለአንድ ዜማ ከተቀበለው ሊበልጥ ይችላል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የሥራዎቹ ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ከእነዚህ ሁሉ ሮያልቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። መንገዱ ተከፍቷል፤ ተጓዡ ገና ዳዴ ይላል። ማኪያቶውን አስወድዶ የሚሸጥ ካፌ የሙዚቃውን ሲጠየቅ «እኛ እኮ ለደንበኛ መዝናኛ ነው» ይላል። መዝናኛው ባይኖር ደንበኛው ይቀመጥ ነበር?

ለጎሮው ልጅ ብያኔ ስጥ ብባል አላስረውም። ፈቃድ እሰጠዋለሁ። በየሰፈሩ ያለው ዘፈን ጫኝ፣ ወደድንም ጠላንም፣ የአገሪቱ ሙዚቃ ማከፋፈያ መረብ ሆኗል፤ እሱን ማሳደድ ትርፉ ወደ ኮንትሮባንድ መግፋት ነው። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና የሙዚቃ ባለሙያ ማኅበራቱ በዓመት አነስተኛ ክፍያ የሚከፍልበት ፈቃድ ያዘጋጁለት። የግጥምና የዜማ ደራሲ ስም የተጻፈበት ንጹሕ ፋይል ይስጡት፤ ሱቁ መስታወት ላይም «ፈቃድ ያለው ጫኝ» ብሎ ይለጥፍ። ከ100 ብሩ ላይ 10 ብር ወደ ጋራ ማኅበሩ ይሂድ። ሹፌሩ ይህን 10 ብር አይነፍግም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም እንጂ።

እስከዚያው አንተ አንባቢ፣ አንቺም፣ በዚህ ወር ስልካችሁ ላይ ካለው ደጋግማችሁ የሰማችሁትን አንድ ዘፈን ምረጡ። ግጥሙን ማን እንደጻፈው ፈልጋችሁ ስሙን እወቁ። ዘፈኑንም ከሚሸጥበት ቦታ በቴሌብር ግዙት። ካፌ ወይም ሆቴል ካላችሁ ደግሞ የጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ሰዎች ደጃችሁን ሲያንኳኩ በሩን ክፈቱላቸው።